የነጩ ከፋይ ገበር

ጥር 6

እትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ላይ እየለገመ አስቸግሮኛል።

ነጩ ከፋይ ትናንት ደርሶኛል። አምስት ሜትር ተኩል ነው፤ ለሙሽሪት ልጅሽ ቀሚስ ይበቃል፣ ይተርፋልም። እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው የዳሰስኩት። ባለካውያው፣ ያ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራው ሽማግሌ፣ አንዴ አየት አድርጎት ይህን ከመተኮስ የአማቱን ጢም መተኮስ እንደሚቀለው ነገረኝ። ለሠርጉ በጊዜ ይደርሳል፣ አታስቢ።

ተቀይመሽኝ ነው ወይ የጠፋሽው ላልሽኝ፣ አልተቀየምኩም። አንቺ ምን በደልሽኝና? ይህን ነገር እንዴት ብዬ እንደምጽፍልሽ ሳወጣ ሳወርድ ሁለት ሳምንት ሄደብኝ እንጂ።

ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አዲስ ነገር አምጥቷል። የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሦስት ወር ከአንድ ባለሙያ ሥር ይቀመጣሉ። ሲጨርሱ የሠሩትን በኤግዚቢሽን ያሳያሉ። ግማሹን ውጤት የሚሰጠው ባለሙያው ነው፤ ቅጹ ላይ ካልፈረመ ተማሪው አይመረቅም። ለእኔ ሱቅ የተመደበችውን ልጅ መምህሯ ይዟት መጣ። ረዘም ያለች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ ያቀፈች ልጅ ናት። "እማማ" ብላ ጨበጠችኝ፤ በአንድ ቃል አሥር ዓመት ጨመረችብኝ። ቅጹን ሳነብ የእናቷ ስም ላይ ደረስኩ። አጠፍኩትና እንደገና ዘረጋሁት። ስሙ አልተለወጠም።

የቀብራራዋ ልጅ ናት፣ እትዬ።

ነገሩን ታውቂዋለሽ፤ ግን እጄ መጻፍ ፈልጓልና ልጻፈው። ያኔም፣ እኔና እሷ አንድ ክፍል ስንማር፣ ኤግዚቢሽን ነበር። ያሸነፈችው ተማሪ ከልብስ ፋብሪካው ዋና ቆራጭ ሥር ልትቀመጥ ነበር። እኔ የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እያጣበቅኩ የካፖርት ቅድ፣ ጨርቁ የሚቆረጥበትን ልክ፣ በወረቀት አወጣሁ፤ አራት ወር ፈጀብኝ። አዲስ ጨርቅ ስላልነበረኝ ካፖርቱን ከሰባት ዓይነት ቁርጥራጭ ሰፋሁት። ኤግዚቢሽኑ ወር ሲቀረው የወረቀቱ ቅድ ከአልጋዬ ሥር ጠፋ። መስኮቱን ተከፍቶ እንዳገኘሽው የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ቀኑ ሲደርስ የቀብራራዋ ካፖርት በአዲስ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ቀድሞ ተሰቅሎ አገኘሁት። አንገቱ የእኔ፣ ትከሻው የእኔ፣ እጅጌው የእኔ። የስፌት መምህሯ የእኔን ከመስቀያው አውርዳ፣ በሙሉ አዳራሽ ፊት ኮራጅ አለችኝ። ወጥቼ ሄድኩ፤ ለመጨረሻው ፈተናም አልተመለስኩም። ቀብራራዋ ፋብሪካ ገባች። እኔ ሰው የጣለውን ልብስ እየፈታሁ ስፌትን ከስፌት ተማርኩ።

ልጅቷን ተቀብያታለሁ። ሠላሳ ዓመት የፈለግኩት ነገር በገዛ እግሩ መጥቶ ሱቄ ገብቷል።

ጭምቷ


ጥር 19

ለጭምቷ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ጋ ሁሉም ሰላም ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ቆሜ።

የሙሽሪትን ልኬት በሌላ ወረቀት ጽፌዋለሁ። እሷ መሬት ይጥረግልኝ ትላለች፣ እኔ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይብቃ እላለሁ፤ አንቺ ፍረጂን። የጎኑን ትርፍ ግን ከውስጥ ሰፋ አድርገሽ ተዪላት። እኔን ነው የወጣችው፤ አንድ ልጅ ስትወልድ ትሰፋለች። ያኔ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ጎኑን ታስፈታዋለች። ዕድሜዋን ሁሉ እንድትለብሰው ነው የምፈልገው።

ስለዚያች ልጅ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለመምህሩ ሱቁ ጠባብ ነው በይው፣ ታምሜያለሁ በይው፣ የፈለግሽውን በይው። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። ያኔ ልጆች ነበራችሁ። ሱቅሽ የራስሽ፣ ስምሽ የተከበረ፤ ምን ጎደለሽ? ከእናትየዋ ጋር ደግሞ አደራ አፍ ለአፍ እንዳትገጥሚ። እንዲህ ያለ ሰው ሲነኩት የሌለውን ያወራል።

በኋላ በላክሽው ፖስታ ካርድ የጠየቅሽኝን ነገር በተመለከተ፣ ከዚያ ኤግዚቢሽን በኋላ አብረን የቆየነው አንድ ወር ነው። ስልክ ቤት ሥራ ተገኘልኝና ሄድኩ። ያኔ ሥራ ሲገኝ እንዴት መጣ ብሎ ማን ይጠይቃል?

እህትሽ


የካቲት 8

እትዬ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ምን እያደረግሻት ነው ብለሽ በካርድ ጠይቀሽኛል። እያስፈታኋት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ኪስ ብቻ አሰፋኋት። ሰፍታ ስታመጣልኝ ብርሃን ላይ አየዋለሁ፣ ፍቺው እላታለሁ። አንዱን ኪስ ሰባት ጊዜ ፈታችው። አምስተኛው ላይ እንከን አልነበረውም። አላለቀሰችም። የምላትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ቀኑን እንኳ አትረሳም። ባለካውያው በሦስተኛው ሳምንት ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ብሎ፣ አለቃዬ፣ ይቺ ልጅ ምን በላችብሽ አለኝ። እሷ አይደለችም የበላችው አልኩ፣ በልቤ።

የሚያናድደኝ እጄ ነው። አፌ ሲቆጥብ እጄ ያስተምራታል። እጅጌ ስቆርጥ ፊት ለፊቱ ላይ ለመግጠሚያ ምልክት ሁለት ትናንሽ ጥርስ ወደ ውጭ እንደምተው ታውቂያለሽ። በትምህርት የተማረ ሰው አንዲት ምልክት ወደ ውስጥ ቆረጥ ያደርጋል። እኔ ግን የሚያሳየኝ ስላልነበረ በልጅነቴ ተሳስቼ ጀመርኩት፤ ዛሬ ብተወው እጅጌው የሚገጥም አይመስለኝም። ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚቆርጥ አላየሁም። ልጅቷ ይህንንም ሥዕሉን ስላ ጽፋዋለች።

አሁን ዋናውን ስሚ። ለመመረቂያዋ የእናቷን ቀሚስ ልትሰፋ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ። በኤግዚቢሽኑ ቀን እናትየዋ ለብሳው መድረክ ላይ ከጎኗ ትቆማለች። ከፋይ ደግሞ እንደ እንስሳ ነው፤ ጸጉር አለው። ሁሉም ቁራጭ ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት። አንዱ ቢገለበጥ ጠረጴዛ ላይ አይታወቅም። ሰው ለብሶት መብራት ሥር ሲቆም ግን ግማሹ ይጠቁራል፣ ግማሹ ይገረጣል፣ ከሁለት ሰው የተበደሩት ልብስ ይመስላል።

ስለ መርፌው ነግሬያታለሁ። ከፋይ መርፌ የገባበትን ቦታ አይረሳም፤ ስፌቱ ቢፈታ ቀዳዳው ይቀራል፣ ስለዚህ አንዴ ነው የሚሰፋው። ስለ ጸጉሩ አልነገርኳትም። አልነግራትምም። ቀብራራዋ በሙሉ አዳራሽ ፊት ትቁምበት። ከዚያ ቅጹን ሳልፈርም እመልሳለሁ።

ለሙሽሪትሽ አትስጊ። የእሷን በሁለት ዓይኔ ነው የምቆርጠው።

ጭምቷ


የካቲት 21

እህቴ፣

ስለ ሰላምታው ይቅር በይኝ፣ ዛሬ ልቤ አልተረጋጋም።

ይህን አታድርጊ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ከዚያ አዳራሽ ስትወጪ አሥራ ስምንት ዓመትሽ ነበር፤ እሷም አሥራ ስምንት ናት። ጨርቁን እንድትቀይር ንገሪያት፣ ወይ ሌላ ልብስ ትስፋ።

በየካርዱ ደጋግመሽ የጠየቅሽኝን አላስታውስም። ያን ቀን ቤት ማን ነበር፣ መስኮቱ የቱ ነበር፣ ቁልፉ ከውስጥ ነው ከውጭ፤ ሠላሳ ዓመት አለፈው እኮ። ሌባ ስሙን ጽፎ አይሄድም።

ሠርጉ ሚያዝያ 28 ሆኗል። ሙሽሪት አንሶላ ተጠቅልላ መስተዋት ፊት መራመድ ትለማመዳለች፤ አባቷ በሩን ከፍቶ አይቷት ሬሳ መስላው ደነገጠ። ቀሚሱ ከምን ደረሰ?

እህትሽ


መጋቢት 5

እትዬ፣

ቆረጠችው ወይ ነው የካርድሽ ጥያቄ። አልቆረጠችም። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ማክሰኞ ጠዋት አረንጓዴውን ከፋይ ረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የፊቱን ቁራጭ በትክክል አስቀመጠች፤ የኋላውን፣ ጨርቅ ለመቆጠብ ብላ፣ ገልብጣ አስቀመጠች። ልክ እንዳሰብኩት። እኔ ጥግ ተቀምጬ ነጭ ቁልፍ ከጥቁሩ እለያለሁ፤ ቁልፎቹ ግን ቀድሞም የተለዩ ነበሩ። መቀሱን አነሳች። ከዚያ አንድ ነገር ረስቼ ብላ መልሳ አስቀመጠችው፤ ከቦርሳዋም የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እናቷ እንዴት እንደጀመረች በኤግዚቢሽኑ ላይ ልታሳይ ከእናቷ ሣጥን ያገኘችው ነው። አረንጓዴው ከፋይ ላይ ዘረጋችው።

ጋዜጣ ነው፣ እትዬ። ቢጫ ሆኗል። የዱቄት ሙጫው እንደ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል።

ልጅቷ ጣቷን እጅጌው ላይ አሳረፈች። ሁለት ጥርስ፣ ወደ ውጭ። ደብተሯን ገለጠች፣ የሳለችውን ሥዕል ከጎኑ አስቀመጠች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማማ፣ ይህ የእናቴ አይደለም። የእርስዎ ነው።"

ባለካውያው ካውያውን ማንሳት ረስቶ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አቃጠለ።

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት መሰለኝ፣ ስትጽፍ አይቻታለሁና። ከዚያ እጇን ያዝኩና ከፋዩ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አስኬድኩት። ገባት። የኋላውን ቁራጭ አዙራ አስተካከለችው። ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም አላለችም። የጸጉሩንም ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ወረቀቱን አንድ ቀን እንድታበድረኝ ጠየቅኳት። እጅጌው ላይ በሰማያዊ ቀለም አንድ መስመር ተጽፏል፦ "እጅጌው ላይ ሁለት ጣት ጨምሪ፤ የእሷ ክንድ አጭር ነው።" ጽሑፉ የእኔ አይደለም። ክንዱ አጭር የሆነው ግን የእኔ ነው።

ሠላሳ ዓመት የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አለኝ። አንዱን አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት። ግን በሰው ላይ በችኮላ መፍረድ አልወድም፤ ተፈርዶብኝ አውቃለሁ። ይህችን አንዲት መስመር በራስሽ እጅ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ጭምቷ


መጋቢት 15

ውድ አክስቴ፣

ይህን የምጽፈው እኔ ሙሽሪት ነኝ። እማዬ ቀኝ እጇን አሟት ብዕር መያዝ አቃታት፤ እሷ ትላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰላም ነሽ ወይ ትልሻለች። ጉልበቷ እንደተሻላት ንገሪያት ብላለች።

ጠይቀሻታል ስላለችው ነገር፣ "ቆይቶ ይደርሳታል በያት" አለችኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃት ተነስታ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች፣ በዚያው በታመመው እጇ። አክስቴ፣ ተጣላችሁ እንዴ? ከተጣላችሁ ከሠርጌ በፊት ታረቁልኝ።

ይህ የእኔ ነው፣ እሷ አታየውም፦ ቀሚሱ መሬት ይጥረግ። ጓደኞቼ ልብስ ሰፊ አክስት አለችኝ ስላቸው በቅናት ሞቱ። እወድሻለሁ።


መጋቢት 22

እትዬ፣

እጅሽን እግዜር ይማርልሽ። ልጅሽ ጎበዝ ጸሐፊ ናት፤ ፊደሏ ካንቺ ይልቅ ክብ ነው።

የነጩን ከፋይ ነገር ጠይቃለች። ተቆርጧል። አሥራ አራቱ ቁራጭ በንጹሕ አንሶላ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የእጅ ጽሑፍሽ እስኪደርሰኝ አንድ መርፌ አላስገባበትም። ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከዚያ እጅሽ ይድናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለሙሽሪት፦ አክስትሽ ካንቺ ጋር ጠብ የላትም።

ጭምቷ


ሚያዝያ 17

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ገጽ ተኩል፣ በራስሽ እጅ። ያልኩሽን መስመር አልጻፍሽውም፤ ግን አያስፈልግም፣ ፊደሉ አንድ ነው።

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። የቀብራራዋ አባት የስልክ ቤቱ ኃላፊ ነበር። ቀብራራዋ ወረቀቱን ለመነችሽ፣ አንቺ ከአልጋዬ ሥር አውጥተሽ ሰጠሻት፣ ሥራውም ከኤግዚቢሽኑ በኋላ በወሩ ተገኘልሽ። መስኮቱን የከፈትሽው አንቺው ነሽ። ክንዴ አጭር መሆኑንም የነገርሻት አንቺ ነሽ፤ ካፖርቱ እንዲያምርባት ተጨንቀሽላት ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ ለመድኩት ብለሻል። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያመንኩት ይህን ነው።

እናትየዋን አነጋገርሻት ወይ ላልሽው፣ ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ሸብታለች፣ ቅብረራዋ ግን እንዳለ ነው። ጎኗን ስይዝላት አፌ ውስጥ ስድስት መርፌ ነበረኝ። በመስተዋቱ ውስጥ ስታየኝ፣ ስታየኝ ቆይታ አወቀችኝ።

"እህትሽ አልነገረችሽም እንዴ?" አለችኝ።

ቅዱን ስትሰጫት እኔ የፈቀድኩ መስሏት ነበር፤ እንደዚያ ነው የምትለው። የእኔ ካፖርት ከመስቀያው ሲወርድ ግን ነገሩ ገብቷታል፤ አፏን ብትከፍት ፋብሪካው እንደሚቀርባት አስባ ዝም ብላለች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አውጥቼ የመርፌ ትራሱ ላይ ሰካሁ። ክንዷን ከፍ እንድታደርግ ነገርኳት፣ ለካሁ፣ ጨረስኩ።

ኤግዚቢሽኑ ቅዳሜ ነበር። ልጅቷ የጋዜጣውን ቅድ በመስታወት አድርጋ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ከሥሩ ማን እንደሠራው፣ በስንት ዓመቷ፣ እንዴት እነሱ ቤት እንደገባ፣ በሠራችው ሰው ላይ ምን እንደደረሰ፣ በጥሩ ፊደል ጽፋለች። እናትየዋ ይህን ያየችው መድረኩ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። አረንጓዴው ከፋይ መብራቱ ሥር አንድ ቀለም ሆኖ አብረቀረቀ፤ እንዲህ ያማረ ቀሚስ በዚያ አዳራሽ አልታየም። ሰው እየመጣ ቀሚሱን ያደንቃል፣ ዞር ብሎ ጽሑፉን ያነባል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ባለካውያው ከረሜላ ሰጠኝ፣ ቀስ ብዬ መጠጥኩት። ጸጉሩን ገልብጬ ቢሆን ኖሮ ሰው የሚስቀው በልጅቷ ነበር።

ቅጹን ፈርሜያለሁ። ሙሉውን ሰጥቻታለሁ። ከምረቃው በኋላ እኔው ጋ እቀመጣለሁ ብላለች፤ እማማ ማለቷን ከተወች ብዬ ተስማምቻለሁ።

ሁለት ነገር ጠይቀሽኛል። ከሁለተኛው ልጀምር። ቀሚሱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ነው። መሬት ይጠርጋል፤ ለሙሽሪት ፈርጃለሁ። ጸጉሩ ሁሉም ወደ ታች ተኝቷል፣ በእጅሽ ዳብሺው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሰፋሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ገበሩ ከቆዳዋ ላይ እንደ ውኃ ይፈስላታል። ልጅን በእናቷ ጥፋት እንዳልነካ አንቺው ለምነሽኝ የለ? ለሌላይቱ ልጅ ነበር የለመንሽው፤ ላንቺዋም ሠርቷል።

የጎኑን ትርፍ እንዳልሽኝ ሰፋ አድርጌ ትቻለሁ፣ በቀኝም በግራም ሦስት ሦስት ጣት። በግራው፣ ከልቧ ሥር፣ በከፋዩና በገበሩ መካከል ያ ሁለት ገጽ ተኩል ደብዳቤሽ አለ። እንዳይኮሰኩሳት በስስ ሐር ጠቅልዬዋለሁ። ስትራመድም ስትጨፍርም አይታወቃትም።

ልታወጪው ታስቢ ይሆናል። ከፋዩንና ገበሩን በአንድ ስፌት ነው የያዝኩት፤ አንዱን ሳትፈቺ ሌላው አይከፈትልሽም። ከፋይ ደግሞ መርፌ የገባበትን አይረሳም። በዚያው ቀዳዳ መልሶ የሚሰፋ እጅ ከእኔ ሌላ የለሽም፤ ከፈታሽው ልጅሽ በሠርጓ ቀን ከብብቷ እስከ ወገቧ የቀዳዳ መስመር ይዛ ትቆማለች፤ ማን እንደፈታውም ትጠይቅሻለች።

ካልፈታሽው ምንም አይሆንም። ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ አንቺ እንዳልሽው ትሰፋለች። አንድ ቀን ቀሚሷን አንጠልጥላ የማታውቀው ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሄዳለች። ከሠርግ ወዲያ ለቀዳዳ የሚጨነቅ የለምና ሰውየው ጎኑን ይፈታዋል፣ ታጥፎ የተቀመጠውን ያገኘዋል፣ እመቤት ይህ የእርስዎ ነው ብሎ ይሰጣታል። የእጅ ጽሑፍሽን ታውቀዋለች። ዓመት ይፍጅ አሥር ዓመት አላውቅም። በየጊዜው ስትወፍርና ስትከሳ ታያታለሽ፤ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ቅርብ ናት። እኔ ሠላሳ ጠብቄያለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን፣ ይቅር ትይኛለሽ ወይ ያልሽውን፣ ሳልመልስ መቅረቴን አይቻለሁ።

ሠርጉ ይመርላችሁ። መልስ አትጻፊልኝ፤ ገበር ጨርሻለሁ።

ጭምቷ